ሳይቸግረኝ ፍሪጅ ጠረጋ

ባለቤቴ ለዐሥር ቀን ሥራ ወደ ጅማ ስትሄድ የፍሪጁ በር ላይ አንድ ወረቀት ለጥፋልኝ ነበር። የልጆቹ ሰርቪስ ስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ የትንሹ የሳል ሽሮፕ በየትኛው ማንኪያ እንደሚለካ፣ ውሃ የምትመጣው በየትኞቹ ቀናት እንደሆነ፣ ሲሊንደሩ ማታ ማታ እንዴት እንደሚዘጋ፣ ሁሉም በቁጥር ተዘርዝሯል። ወረቀቱ የተለጠፈበት ዕቃ ግን ወረቀቱ ላይ የለም። አልፈርድባትም። በዐሥራ ሁለት ዓመት ትዳራችን ፍሪጅ ከፍቼ፣ ቆሜ አይቼ፣ ምንም ሳላነሳ መልሼ ስዘጋ እንጂ ሌላ ነገር ሳደርግ አይታኝ አታውቅም። ትልቋ ልጄ ይህን ልማዴን «አባዬ ፍሪጅ እያነበበ ነው» ትለዋለች። አንባቢው አንድ ቀን ተነሥቶ አርታኢ ይሆናል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ቀኑ ታኅሣሥ 18፣ የገብርኤል ዋዜማ ነው። አማቴ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ይዘክራሉ። ዘንድሮ ልጃቸው ስለሌለች የልጅ ልጆቻቸውን እየጠበቁ እኛ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ሊዘክሩ ከደብረ ብርሃን መጡ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2700 ሜትር በላይ ከፍ ያለች፣ በታኅሣሥ ውርጭ ሣሩን አንጥቶ የሚያሳድርባት ከተማ ናት። እዚያ ፍሪጅ የሚገዛ ሰው ምግቡ እንዳይበርደው የሰጋ መሆን አለበት እያልኩ እቀልዳለሁ። አማቴ አይስቁም።

አማቴና እኔ አንቱ እንባባላለን። እኔ በዕድሜያቸው፣ እሳቸው በወጋቸው። የድሮ ሰው ናቸው፤ ልጄን የሰጠሁትን ሰው እንዴት አንተ እለዋለሁ ብለው ከሠርጋችን ማግሥት ጀምሮ «ቡና ይጠጡ»፣ «እንዴት አደሩ» እያሉኝ ኖሩ። ሁለታችን ስናወራ በግድግዳ የሚሰማን ጎረቤት ሁለት አምባሳደሮች ስለ ድንበር የሚደራደሩ ሊመስለው ይችላል።

ገብርኤል የነቢያት ጾም ውስጥ ስለሚውል ዝክሩ የጾም ነው። አማቴ ከቀትር ጀምሮ ምድጃ ሥር ቆመው አንድ ትልቅ ድስት ምስር ወጥ ሠሩ፣ ጎመኑን ቀቅለው አብስለው በትሪ ዘረጉት፣ ድንችና ካሮት አልጫቸውን አወረዱ፣ ሱፉን አዘጋጁ። እኔ ደግሞ ጨጓራዬን ሰበብ አድርጌ አልጾምም። ለራሴና ለልጆቹ ብዬ በዚያው ቀን ሁለት ኪሎ ሥጋና በረዶ የሆነ አንድ የፈረንጅ ዶሮ ገዝቼ ገባሁ። ሥጋው በፌስታል፣ ፌስታሉ በሌላ ፌስታል ነው። አማቴ ፌስታሉን አዩ፣ ምን እንደሆነ አወቁ፣ ፊታቸውን አዞሩ። ሌሊት ለማኅሌት ስለሚነሡ በጊዜ ሊተኙ ሲገቡ አንድ ነገር ብቻ አደራ አሉኝ።

«ምስሩ ሲበርድ ፍሪጅ ያስገቡልኝ።»

ልብ በሉ፤ «ሲበርድ» ነው ያሉት።

ፍሪጁን ብከፍተው እንኳን ድስት ሲኒ የሚያስገባ ቦታ የለም። ያኔ ነው ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚሉት ነገር የመጣብኝ። ሁለት ዕቃ ገፋ ገፋ አድርጎ ድስቱን ማስገባት እየተቻለ፣ ለምን ሁሉንም አውጥቼ በሥርዓት አልደረድረውም አልኩ። ባለቤቴ ስትመለስ ከፍታ ስትደነግጥ ታየኝ። መደንገጡስ ደረሰ፤ የቀረው ዓይነቱ ነው።

ማውጣት ስጀምር የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ሆነብኝ። ከላይ የዘንድሮ ነገር አለ። ዝቅ ሲሉ የአምና ይመጣል። ከአትክልት መሳቢያው ሥር ያለው ዘመን ግን በእኔ ዕውቀት የሚወሰን አልነበረም። ግማሽ ግማሽ የተከፈቱ ሦስት የቲማቲም ድልህ ጣሳዎች። አንድ ግማሽ ሽንኩርት፣ ገጽታው የሰው አዛውንት የሚመስል። የትንሹ የዓይን ጠብታ፣ እሱ የዓይን ሕመሙን ከረሳው ዓመት አልፎታል። ሁለት የሪሞት ባትሪ፣ ቅዝቃዜ ያድሰዋል ብሎ የነገረኝ ሰው ነበረ። የአትክልት ቅቤ ተብሎ የተጻፈበት ባልዲ ውስጥ ሽሮ፣ የማር ተብሎ የተጻፈበት ውስጥ ሚጥሚጣ (ይህን በጣቴ ቀምሼ ነው ያወቅሁት)፣ የቡና ተብሎ የተጻፈበት ውስጥ ደግሞ እውነትም ቡና፤ ይህኛው ነው ያስደነገጠኝ። ሉሲ ሐዳር ላይ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፣ የነቢያት ጾም በሚያዝበት ዕለት። እኔም በዚያው ጾም ወለል ላይ ተንበርክኬ፣ እኛ ቤት ማንም ያላሰበው ጥንታዊ አጥንት አገኘሁ። የበግ ነው፤ ምናልባት የመስቀል። የየትኛው ዓመት መስቀል እንደሆነ አትጠይቁኝ።

የሚጣለውን ጣልኩ፤ መደርደሪያዎቹን በሞቀ ውሃና በሳሙና አጠብኩ። እስከዚህ ድረስ ብሞት ኖሮ በክብር እቀበር ነበር። ጥፋቱ የጀመረው መልሼ ስደረድር ነው፤ ሦስት ነገር አጠፋሁ፣ ሦስቱንም በትልቅ ማስተዋል።

አንደኛ፣ ሥጋውን ላይኛው መደርደሪያ ላይ አወጣሁት። ፍሪዘሩ ከላይ ነው፤ ለፍሪዘር የቀረበ ይበልጥ ይቀዘቅዛል ብዬ አሰላሁ። ደግሞም ከቤቱ ምግብ ሁሉ ውዱ እሱ ነው፤ የክብር እንግዳ ከታች አይቀመጥም። በረዶ የሆነውን ዶሮም ቀስ እያለ ይፍታ ብዬ ከጎኑ አደረግሁት። ከሥራቸው የጎመኑን ትሪ ዘረጋሁ። ክዳን ፈልጌ አጣሁ፤ እኛ ቤት ክዳን ሁሉ የሌላ ድስት ነው። ይሁን፣ ፍሪጅ ውስጥ ዝንብ የለ ብዬ ክፍቱን ተውኩት።

ሁለተኛ፣ ምስሩን። ሰዓቱ አራት ሆኗል፣ ድስቱ ገና ያቃጥላል፣ እንቅልፌ መጥቷል። «ሲበርድ» ያሉኝን አስታወስኩ፤ ነገር ግን የፍሪጅ ሥራው ምን ሆነና! ድስቱን በፎጣ ይዤ መሐል አስገባሁት። የተረፈውን በየቀዳዳው እንደ ታክሲ ረዳት ጠጋ ጠጋ እያሰኘሁ ሞላሁት። ቀዝቃዛ አየር በዕቃ መሐል መዞሪያ መንገድ እንደሚፈልግ ያኔ ማን ነግሮኝ።

ሦስተኛዋ ጥፋት ከሁሉም ትንሽ፣ ከሁሉም ክፉ። ውስጥ ከ1 እስከ 7 የተጻፈባት ክብ መዘውር አለች፤ 4 ላይ ነበረች። ዲግሪ መሰለችኝ። ትኩስ ድስት ስለገባ ይበልጥ ይቀዝቅዝ ብዬ ወደ 1 ዲግሪ መለስኳት። ዲግሪ አይደለችም። እንደ እኛው ባሉት ብዙ ፍሪጆች 7 ማለት ሞተሩ በርትቶ ይሥራ፣ 1 ማለት ደግሞ ይረፍ ማለት ነው። ይህ የተጻፈበት መመሪያ ፍሪጁ ከተገዛ ጀምሮ ከነላስቲኩ ቁም ሣጥን ላይ አለ። በስድስት ቋንቋ ተጽፏል፤ አማርኛ የለበትም እንጂ።

በመጨረሻ በሩን ከፍቼ ፎቶ አነሣሁና ለባለቤቴ ላክሁ። ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ነበረችና አልደረሳትም። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። መልእክቷ አምስት ቃል ነው፦ «ጎመኑ ላይ ያለው ሥጋ ነው?» ይህን አንብቤ ትርጉሙ ገና ሳይገባኝ፣ ከማኅሌት የተመለሱት አማቴ ነጠላቸውን እንኳ ሳያወርዱ ፍሪጁን ሲከፍቱ ሰማሁ። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ አንድ ቃል፦

«አንተ!»

ዐሥራ ሁለት ዓመት የቆየ አንቱታ በአንድ ቃል ፈረሰ። መጀመሪያ ለትንሹ ልጄ የተባለ መስሎኝ ነበር። ትንሹ ተኝቷል።

ሮጬ ደረስኩ። ሁለቱ ፌስታሎች ሁለቱም ቀዳዳ ነበራቸው። የሥጋው ደምና የዶሮው በረዶ ተቀላቅለው በመደርደሪያው ፍርግርግ ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ ሲሉ አድረው፣ የጎመኑ ትሪ መሐል ላይ ሮዝ ኩሬ ሠርተዋል። ለገብርኤል የተሠራው ጎመን ከእኔ ጋር ሌሊቱን ገድፎ አደረ ማለት ነው።

«ብናፈላው እኮ ጀርሙ ይሞታል» አልኩ። የተማረ ሰው አይደለሁ!

«እሳት ጀርሙን ይገድለው ይሆናል፤ ፍስኩን አይገድለውም» አሉኝ።

መልስ የለኝም። አሁንም የለኝም። ምስሩ ይትረፍ ብለን ድስቱን ከፈትነው። ዳር ዳሩ ቀዝቅዟል፣ መሐሉ ለብ ያለ ነው፤ ላዩ ላይ ትናንሽ አረፋ እየወጣ ይፈነዳል። አማቴ በጣታቸው ጫፍ ቀመሱና አፋቸውን አጣመሙ። ኮምጥጧል። ከአጠገቡ የነበረው ግማሽ ሊትር የላስቲክ ወተት ደግሞ ሌሊቱን አይብ የመሆን ሐሳብ ጀምሮ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሪጅ ቅዝቃዜ የሚሠራ ዕቃ ይመስለናል። አይደለም፤ ሙቀት ተሸክሞ የሚያወጣ ወዛደር ነው። ውስጥ ያለውን ሙቀት በጋዝ እየጫነ ከጀርባው ባለው ቱቦ ያራግፋል፤ ጀርባውን ብትነኩት የሚሞቀው ለዚህ ነው። እኔ ይህን ወዛደር አንድ ድስት የፈላ ምስር አሸክሜው፣ መንገዱን በዕቃ ዘግቼ፣ ደመወዙን ከ4 ወደ 1 ቀንሼበት ነው የተኛሁት። ያመጸ ቢመስል አይፈረድበትም። ጥልቅ ድስት ደግሞ መሐሉ በቀላሉ አይበርድም፤ ለረጅም ሰዓት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መካከል ይዋልላል፤ ባክቴሪያ የሚወደው ያንን ነው። በሚመቸው ሙቀት አንዱ ባክቴሪያ በየሃያ ደቂቃው ሁለት ይሆናል። ቁጭ ብዬ አባዛሁት፦ በሰባት ሰዓት ውስጥ ከአንድ ተነሥቶ ሁለት ሚሊዮን ያልፋል። እኔ የተኛሁት ስምንት ሰዓት ነው። ታዲያ መልሶ ማፍላትም ሁልጊዜ አያድንም። ከባክቴሪያዎቹ መሐል ምግቡ ውስጥ መርዝ የሚተፉ አሉ፤ እነሱ ቢሞቱም የተፉት መርዝ እሳት የማይበግረው ጊዜ አለ። ምስሩ ወደ ቆሻሻ ሄደ። አማቴ ሲደፋ አላዩም፤ ዞረው አማተቡ።

(በነገራችን ላይ አይንስታይን ራሱ በፍሪጅ ጉዳይ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። ሊዮ ሲላርድ ከሚባለው የፊዚክስ ሊቅ ጋር ሆኖ የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ፍሪጅ ፈልስፎ በ1930 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የባለቤትነት መብት ተሰጥቶታል። የዘመኑ ፍሪጆች መርዛማ ጋዝ ያፈስሱ ስለነበር ነው። ይህን ለአማቴ በዚያ ጠዋት ልነግራቸው አስቤ አፌን ስከፍት ዓይናቸውን አየሁና ዘጋሁት።)

እንግዶች የሚመጡት ስድስት ሰዓት ላይ ነው። የሦስተኛ ፎቅዋ እትዬ ወሬውን ደረጃ ላይ ሰምተው አንድ ድስት ሽሮ ይዘው ደረሱ። እኔ ወርጄ ዐሥር እስር ጎመንና ሁለት ኪሎ ምስር ገዝቼ ወጣሁ። ከዚያ አማቴ ቢላዋና መክተፊያ ሰጡኝ። ቢላዋውን ግን መጀመሪያ አገላብጠው አይተው፣ በሳሙና አጥበው፣ በፈላ ውሃ አለቅልቀው ነው። ጎመን ስከትፍ ቀና ባልኩ ቁጥር «ይቀጥን» ይሉኛል። «ይቀጥን» አንቱታም አንተታም የለበትም፤ ለጎመኑ ነው የተባለው። በዚያ ሰዓት ለእሱም አመሰገንኩ። ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ጸሎት ተደርሶ ድፎ ዳቦው ተቆረሰ። ከእንግዶቹ አንዲት እናት ጎመኑን አመስግነው ማን እንደሠራው ጠየቁ። አማቴ በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙና «ሁለት ጊዜ ነው የሠራነው» አሉ። ሌላ አላሉም።

እንግዳ ከተሸኘ በኋላ አማቴ ዱካቸውን ወስደው ክፍት ፍሪጅ ፊት ለፊት ተቀመጡ። እኔ ቆሜያለሁ። ልጆቹ ከኋላ ሆነው ያያሉ። ችሎት ነበር የሚመስለው።

«ሥጋውን ለምን ላይ አደረግኸው?»

ስለ ፍሪዘሩ ቅርበት አስረዳኋቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ደም ወደ ላይ ይወጣል?»

«አይወጣም እማማ።»

«እንግዲያ ከታች ይሁን።»

አለቀ። በኋላ ባነበብኩት ሁሉ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። ጥሬ ሥጋ፣ ዶሮና ዓሣ ጎድጎድ ባለ ዕቃ ሆነው ከሁሉም በታች፤ የበሰለና ሳይሞቅ የሚበላው ከላይ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 እ.ኤ.አ. ለምግብ ደኅንነት አምስት ቁልፎች ብሎ ባወጣው ውስጥ አንዱ ቁልፍ ጥሬውን ከበሰለው መለየት ነው። አማቴ ቁልፉን ከድርጅቱ በፊት በአንገታቸው አንጠልጥለውት ኖረዋል። ደብረ ብርሃን ቤታቸው የጾም ድስት ለብቻ፣ የፍስክ ድስት ለብቻ ነው። በፍስክ ማማሰያ የጾም ሽሮ ቢነካ ሽሮው ይደፋል እንጂ አይበላም። እኔ ይህን ዕድሜዬን ሙሉ የሃይማኖት ጥብቅነት ብቻ አድርጌ ነበር የማየው፤ አንዳንዴም ስቄበታለሁ። በዚያ ቀን ከሰዓት፣ ሃያ ሰው ሊበላው የነበረ ጎመን ላይ የዶሮ ደም ካየሁ በኋላ፣ ያን ያህል አላሳቀኝም።

ፍሪጁ ለሁለት ሀገረ ስብከት ተከፈለ። ከላይ ጾም፣ ከታች ፍስክ፤ ድንበሩ መሐለኛው መደርደሪያ ነው። እንቁላል ፍስክ ቢሆንም ቅርፊቱ እስካልተሰበረ ድረስ በልዩ ፈቃድ በር ላይ እንዲቆይ ተደረገ። ወተቱ ግን ከበር ተነሣ። በሩ በተከፈተ ቁጥር የቤት አየር የሚመታው ስለሆነ ከፍሪጁ ሁሉ ሞቃቱ ቦታ እሱ ነው። እዚያ መቀመጥ ያለበት የማይቸኩል ነገር ነው፣ እንደ አዋዜ፣ እንደ ውሃ። ድንችና ሽንኩርት ከነጭራሹ ወጡ፤ ወጥተውም ተለያዩ። ሙዝና የበሰለ አቮካዶ ሌላውን የሚያበስል ጋዝ ስለሚተፉ ከቆስጣውና ከጎመኑ ጋር አንድ ላይ እንዳይቀመጡ አደረግን፤ እኛ ቤት ቆስጣ ሁልጊዜ በሁለት ቀን የሚቢጫው ለካ ጎረቤት ከፍቶበት ነው።

ዶሮው ላይ ግን አልተስማማንም። ጥሬ ዶሮ ቧንቧ ሥር ሲታጠብ ውሃው እየተፈናጠረ ጀርሙን በየዕቃው ይረጨዋል፤ የሚገድለው እሳቱ እንጂ እጥበቱ አይደለም፤ ውስጡ 74 ዲግሪ ከደረሰ በቂ ነው አልኳቸው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ሰዓታት የሚንተከተክ የዶሮ ወጥ ከዚያ እንደሚያልፍም ጨመርኩ። አማቴ እንደ መናፍቅ አዩኝ። ዶሮ ሳይታጠብ! በሎሚና በጨው ውሃው እስኪጠራ ያልታጠበ ዶሮ እሳቸው ባሉበት ቤት ድስት አይገባም። በመጨረሻ ታርቀን፣ ገና ሲደርስ ዶሮ ቧንቧ ሥር ሳይሆን ጎድጓዳ ሳፋ ውስጥ ቀስ ተብሎ እንዲታጠብ፣ ሳፋውና ማጠቢያው ወዲያው በሳሙናና በበረኪና እንዲፈተግ ተወሰነ። ፈታጊው እኔ ነኝ።

ሙቀቱንም ለካነው። ቴርሞሜትር ገዝቼ፣ ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ነክሬ መሐለኛው መደርደሪያ ላይ አሳደርኩት። ያቺ መዘውር 1 ላይ እንዳለች 11 ዲግሪ አሳየ። ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ብተወው ኖሮ ይሻለው ነበር። ወደ 5 አዞርኳት፤ በማግሥቱ 4 ዲግሪ ሆነ፣ የሚፈለገውም 4 ወይም ከዚያ በታች ነው። ፍሪዘሩ ደግሞ ከዜሮ በታች 18።

አማቴ ቴርሞሜትሩን አላመኑትም፤ የተረፈ ምግብ ስንት ቀን ይቆያል የሚለውን ሲሰሙ ግን ጆሯቸው ቆመ። ሦስት፣ ቢበዛ አራት ቀን ነው አልኳቸው። በየዕቃው ላይ ፕላስተር ለጥፌ ቀን ልጽፍ እስክሪብቶ ሳነሣ ቁጥሩን ተቃወሙ። ቁጥር ይረሳል፣ ሰው ዛሬ ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል፤ በዓል ግን አይረሳም አሉ። ስለዚህ አዲሱ ምስር ላይ «የገብርኤል» ብዬ ጻፍኩ። አልጫው ላይም «የገብርኤል»። አማቴ በጣታቸው ቆጥረው ፍርዱን ሰጡ፦ የገብርኤል ምስር ጊዮርጊስን አያልፍም፤ የማርያም ሽሮ በዓማኑኤል ዋዜማ ያልቃል። 19 እና 23፣ 21 እና 27... ሁለተኛው ላይ ቆጠራው ትንሽ ለጠጥ ብሎ ነበርና እንደ ምንም ብዬ ወደ 25 አወረድኩት። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት የተበላሸ ምግብ የለም። ልጆቹ እንኳ ከትምህርት ቤት ሲመጡ «የማን ነው?» ነው የሚሉት፣ ምን እንደሆነ ሳይሆን።

ትኩስ ነገር ሲተርፍ ደግሞ አሁን በሰፊ ትሪ ሳሳ ተደርጎ ይዘረጋል፣ ወይም ድስቱ ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ቁጭ ብሎ እየተማሰለ ይበርዳል፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይገባል። ይህን ስሠራ አማቴ ከዱካቸው ላይ ሆነው እሳቸው ልጅ ሳሉ ምን እንደነበረ ያወሩልኛል። ሥጋ ሲተርፍ በቀጭኑ ተዘልዝሎ፣ ጨውና በርበሬ ተሽቶ፣ ገመድ ላይ ቋንጣ ይሆናል። ቅቤው ከኮረሪማውና ከኮሰረቱ ጋር ተነጥሮ ውሃው ይወጣለታል። እንጀራው ሳይሻግት በፊት ድርቆሽ ይሆናል። ዝም ብዬ ስሰማ ሁሉም አንድ ሥራ ነው፤ ውሃውን ማውጣት። ባክቴሪያም ሻጋታም ያለ ውሃ አይራቡም። እኛ ውሃውን ትተን በቅዝቃዜ እናስተኛቸዋለን። ተኝተዋል እንጂ አልሞቱም፤ አንዳንዱም ፍሪጅ ውስጥ እንኳ ቀስ እያለ የሚራባ አለ።

አንድ ነገር ቀረኝ። መብራት ሲጠፋ ቤት ባንኖር ፍሪዘሩ ቀልጦ መልሶ መቀዝቀዙን የምናውቅበት ዘዴ አለ። አንድ ኩባያ ውሃ ታረጋለህ፣ ከረጋ በኋላ ላዩ ላይ ሳንቲም ታስቀምጣለህ። ተመልሰህ ስታይ ሳንቲሙ ከታች ከሰመጠ ፍሪዘሩ ቀልጦ ነበር ማለት ነው፤ ያኔ ውስጡ ያለውን ማመን የለብህም። የአንድ ብር ሳንቲም አስቀመጥኩ። አማቴ በማግሥቱ አይተውት ኖሮ ማታ ቀስ ብለው ጠየቁኝ፦

«የገብርኤል ስለት ነው?»

አይደለም ለማለት አፍሬ «እ» አልኩ። በሦስተኛው ቀን ሳንቲሙ አምስት ሆኖ አገኘሁት።

ባለቤቴ የተመለሰችው ታኅሣሥ 24 አመሻሽ ላይ ነው፤ መብራት ከሄደ ሃያ ደቂቃ ሆኖት ነበር። አቧራ ለብሳ፣ ተጠምታ፣ ሻንጣዋን ኮሪደር ላይ ጥላ በስልኳ መብራት እያበራች ቀጥ ብላ ወደ ፍሪጁ ሄደች። እጇ እጀታው ላይ ሲያርፍ ከጨለማው ውስጥ ድምፅ መጣ።

«አይከፈትም!»

አማቴ ፍሪጁ ጥግ ዱካቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ መቁጠሪያቸው በእጃቸው ነው።

«እማዬ! ውሃ ልጠጣ ነው እኮ!»

«ካልተከፈተ አራት ሰዓት ይቆያል። ፍሪዘሩ ሙሉ ስለሆነ ሁለት ቀን። የቧንቧ ፈልቶ የበረደ እዚያ ጋ አለልሽ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ፣ ስንት ሰዓት ሄደ ነው ያልከኝ?»

«ዐሥራ አንድ ከሃምሳ፣ እማማ።»

ባለቤቴ የስልኳን መብራት ከፍሪጁ አንሥታ ፊቴ ላይ አበራችው። በፕላስተር ላይ የተጻፉትን የበዓላት ስሞች ገና አላየችም።

«አንተ?» አለች። «መቼ ነው አንተ የሆንከው?»

«የገብርኤል ዕለት» አልኩ።

«ምን አድርገህ?»

እኔ ቃል ስመርጥ አማቴ ቀደሙኝ።

«ሥጋ ከላይ አስቀምጦ» አሉና መቁጠሪያቸውን ቀጠሉ።